ነዳጅ ሲረገጥ የሚያመነታ ሞተር፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ አሮጌ የኢንጀክሽን መኪኖች (ነዳጁ በኮምፒውተር ቁጥጥር በግፊት የሚረጭላቸው) ናቸው።

አንድ አንባቢ መኪናቸው ከቆመበት ሲነሳ፣ ነዳጅ ሲረግጡ ለአፍታ ድርግም ይልና ከዚያ ይስባል። ካንዴላ፣ የነዳጅ ፊልትሮና ፖምፓ አስቀይረዋል። ለውጥ የለም። አሁን ደግሞ «ኮምፒውተሩ ይቀየር» ተብለዋል።

ኧረ አይቀይሩ! ሦስት ዕቃ ተቀይሯል፣ አንድም ነገር ግን አልተለካም። ይህ በጣም ያናድደኛል። በግምት ሲቀየር የሚያልቀው የእርስዎ ገንዘብ ነው።

መጀመሪያ መቼ እንደሚያመነታ ይለዩ። ሞተሩ ሳይሞቅ ብቻ ከሆነ የውሃ ሙቀት ሴንሰሩን እጠረጥራለሁ። ቀዝቃዛ ሞተር ነዳጅ የበዛበት ድብልቅ ይፈልጋል። ሴንሰሩ «ሞቋል» ብሎ ከዋሸ ኮምፒውተሩ ነዳጅ ይቀንሳል። የእርስዎ ግን ፔዳሉ ገና ሲነካ ነው። ስለዚህ ከስሮትል ፖዚሽን ሴንሰሩ ይጀምሩ፤ ስሮትል ፔዳሉ ሲረገጥ ወደ ሞተሩ አየር የሚያስገባው ክዳን ነው፣ ሴንሰሩም ምን ያህል እንደተከፈተ ለኮምፒውተሩ ይነግራል። በአሮጌ መኪኖች ውስጡ የሚበላው ብዙ በሚመላለስበት ቦታ ነው፤ ያም የፔዳሉ መጀመሪያ አካባቢ ነው። ሞተሩን ሳያስነሱ ቁልፉን ይክፈቱ፣ መልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ከሴንሰሩ ጋር ያገናኙ፣ ስሮትሉን ቀስ እያሉ ይክፈቱት። በብዙ መኪኖች ቮልቴጁ ከ0.5 አካባቢ ተነስቶ እስከ 4.5 አካባቢ ይወጣል። እየወጣ ሳለ ድንገት ዝቅ ብሎ ከተመለሰ ጥፋቱ ተገኘ። በቀስት የሚያሳየው የድሮው መለኪያ ለዚህ ይሻላል፤ ዲጂታሉ አጭር መቆራረጥ ሊያመልጠው ይችላል።

ሴንሰሩ ደህና ከሆነ፣ ከአየር ማጣሪያው ወደ ስሮትሉ የሚሄደውን የጎማ ቱቦ እጥፋቶቹን ዘርጋ እያደረጉ ይዩ። ነዳጅ ሲረገጥ ሞተሩ ስለሚወዛወዝ ስንጥቁ ያኔ ይከፈታል። ያልተለካ አየር ይገባል፣ ሞተሩም ያመነታል።

«ኦክቴኑ ከፍ ያለ ቤንዚን ይረዳል?» የመኪናው መመሪያ ካልጠየቀ አይረዳም።

«የአየር መለኪያ ሴንሰሩን በጨርቅ ልጥረገው?» በፍጹም! ሽቦው እንደ ፀጉር የቀጠነ ነው። ለእሱ ብቻ የተሠራ ስፕሬይ አለ፤ ረጭተው በደንብ ይድረቅ።

«የሞተር ምልክቱ አልበራም፤ ሴንሰሮቹ ደህና ናቸው ማለት አይደል?» ዋስትና አይሆንም። መብራቱ የሚበራው ኮምፒውተሩ ንባቡን ከወሰን ውጪ ሲያገኘው ነው። ወሰኑ ውስጥ ሆኖ የሚሳሳት ሴንሰር ያመልጠዋል።

የመጨረሻው ጠያቂ መኪናቸው ዳገት ላይ ጉልበት ያጣል። የነዳጅ ቱቦውን ራሳቸው ፈትተው ፍሰቱን በጠርሙስ ማየት ፈልገዋል።

እባክዎ አይንኩት። ይህ ነዳጁ በዝቅተኛ ግፊት የሚመጣለት የድሮው ካርቡራተር አይደለም። በብዙዎቹ መኪኖች ቱቦው ውስጥ ከ2.5 እስከ 3.5 ባር ግፊት አለ። ሞተሩ ከጠፋ በኋላም ግፊቱ ይቆያል። ሲፈቱት ዓይንዎ ላይና የጋለ ሞተር ላይ ይረጫል፤ እሳት ሊነሳ ይችላል። ጋራዥ ይውሰዱት፤ የግፊት መለኪያ አስገጥመው ሞተሩ ጭነት ሲበዛበት ግፊቱ ይወርድ እንደሆነ ይዩልዎ። መለኪያ ከሌላቸው ሌላ ጋራዥ ይፈልጉ። እስከዚያው ሰልባትዮው (የነዳጅ ታንኩ) ባዶ ሊሆን ሲል አይንዱ፤ ታንኩ ውስጥ የሚቀመጥ ፖምፓ የሚቀዘቅዘው በዙሪያው ባለው ነዳጅ ነው።