ባሕር የሌለበት አገር ሆኖ የሸራ ጀልባ መንደፍ፦ ለአንዲት የአርክቴክቸር ተማሪ

ጥያቄ፦ ሐዋሳ አርክቴክቸር እማራለሁ፤ አራተኛ ዓመት ላይ ነኝ። ምኞቴ ቅንጡ የሸራ ጀልባ መንደፍ ነው፤ ውስጡንም ውጩንም። ግን ከሐዋሳ ሐይቅ ጀልባ በቀር ሌላ ውኃ ላይ ወጥቼ አላውቅም። ጓደኞቼ «ባሕር በሌለበት አገር ይሄ ቅዠት ነው» ይሉኛል። ዲግሪዬን ትቼ የመርከብ ምሕንድስና ልጀምር ወይስ ልጨርሰው? ለፖርትፎሊዮዬ ብዬ የ90 ሜትር ጀልባ መንደፍ ጀምሬያለሁ።

መልስ፦ ዲግሪሽን ጨርሺ፣ እህቴ። የ90 ሜትሩን ጀልባ ግን ለጊዜው አስቀምጪው።

«ውስጡንም ውጩንም» ያልሽው ብዙ ጊዜ የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። ቀፎው ውኃውን እንዴት ሰንጥቆ እንደሚሄድ፣ ከሥሩ የሚወርደው ከባድ ኪል ስንት ቶን እንደሚመዝን፣ ምሰሶው የት ቢቆም እንደሚሻል የሚያሰላው ኔቫል አርክቴክት፣ ማለትም የመርከብ መሐንዲሱ ነው። ከውኃ በላይ የሚታየውን መልክ የሚሠራው ሌላ ባለሙያ ነው። ሳሎኑና መኝታ ቤቱ ደግሞ ለሦስተኛ ሰው ሊሰጥ ይችላል። መልኩንና ውስጡን አንድ ቢሮ የሚይዝበት ጊዜም አለ። ያንቺ መንገድ ይሄ ይመስለኛል። ወደ ስሌቱ ለመግባት ሌላ የምሕንድስና ትምህርት ያስፈልግሻል፤ ወደ ውስጥ ንድፉ ለመግባት ግን አርክቴክቸር በቂ መነሻ ነው።

«ማልቲስ ፋልከን»ን ደጋግመሽ አጥኚው። ፔሪኒ ናቪ የተባለው የጣሊያን ኩባንያ በ2006 ያስረከበው የ88 ሜትር የሸራ ጀልባ ነው። ሦስቱ ምሰሶዎቹ ደጋፊ ገመድ የላቸውም፤ ከነሸራቸው በራሳቸው ይዞራሉ። ሐሳቡ የመጣው በ1960ዎቹ ከጀርመናዊው መሐንዲስ ቪልሄልም ፕሮልስ ነው። ሐሳቡን ለዚህ ጀልባ አስማምቶ የሠራው የሆላንዱ የዳይክስትራ ቢሮ ነው። መልኩንና ውስጡን የነደፈው ደግሞ ኬን ፍራይቮክ ነው። እኔን የሚያስደንቀኝ ዋናው ምሰሶ ነው። ሰገነቱን ሰንጥቆ ወደ ታች ይወርዳል። ሌላ ሰው ቢሆን በግድግዳ ሸፍኖ ይደብቀው ነበር። ፍራይቮክ ግን ዙሪያውን ክብ ክፍት አዳራሽ ሠራለት። መሐንዲሱ ያመጣውን ግዴታ የቤቱ ጌጥ አደረገው። ጥሩ ነዳፊ ማለት ለእኔ ይሄ ነው።

አሁን ስለ 90 ሜትሩ። አርክቴክቸር ስትማሪ ወለሉ ምንጊዜም አያጋድልም። የሸራ ጀልባ ግን በነፋስ ያጋድላል፤ 20 ዲግሪ ማጋደል ብርቅ አይደለም። 1 ሜትር ስፋት ያለው ጠረጴዛ 20 ዲግሪ ሲያጋድል አንዱ ጠርዝ ከሌላው 34 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል። ስለዚህ ጠረጴዛው ዙሪያውን ዕቃ እንዳይወድቅ የሚያግድ ከንፈር ይኖረዋል። መሳቢያው በራሱ እንዳይከፈት መቆለፊያ ይገባለታል። ምድጃው ተንጠልጥሎ ይታሰራል፤ ጀልባው ሲያዘነብል እሱ ቀጥ ብሎ ይቀራል። ኩሽናው ጠባብ የሚሆነው ምግብ የሚሠራው ሰው በወገቡ ተደግፎ እንዲቆም ነው። በየሁለት እርምጃው እጅ የሚይዘው ነገር መኖር አለበት። ሰፊና ባዶ ሳሎን በሥዕል ያምራል፤ ባሕር ላይ ግን ሰው ይሰብራል።

ክብደትም አለ። 2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው እብነ በረድ በካሬ ሜትር 54 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። 10 ካሬ ብታነጥፊ ከግማሽ ቶን በላይ ሆነ ማለት ነው። ያ ክብደት ከፍ ብሎ ከተቀመጠ ጀልባው የበለጠ ያጋድላል። በዚህ ምክንያት ባለሙያዎቹ ድንጋዩን በስሱ ይሰነጥቁና ውስጡ እንደ ማር እንጀራ ባዶ በሆነ ቀላል ሰሌዳ ላይ ይለጥፉታል። እንጨቱንም እንዲሁ ያደርጉታል። ደንበኛው የሚያየው እብነ በረድ ነው፤ የሚሸከመው ግን ቀላል ሰሌዳ ነው።

ለፖርትፎሊዮሽ ታዲያ ከ12 እስከ 14 ሜትር የሆነ ጀልባ ውስጡን ንደፊ። ለስድስት ሰው መኝታ፣ ኩሽና፣ መታጠቢያ። መጠኑ ሲያንስ ማምለጫ የለም፤ ሥራሽን የሚያየው ሰው የምታውቂውን ወዲያው ይለያል። ከሥዕሉ ጎን የክብደት ሠንጠረዥ አስገቢ፤ እያንዳንዱ ዕቃ ስንት ኪሎ፣ ከወለሉ ስንት ከፍታ ላይ። ይህን የሚያያይዝ አመልካች ብዙ የለም። ሰፈርሽ ያለ አናጺ ጋ ሂጂና የኩሽናውን አንድ ጥግ በልኩ በኮምፔርሳቶ አሠሪ። ከዚያ ከአንድ ጎኑ ሥር እንጨት አስገብተሽ 20 ዲግሪ አጋድዪው። ድስት ይዘሽ ቁሚበት። ፎቶ አንሺ፣ ያልሠራውን አስተካክይ፣ እንደገና አንሺ። ያ የፎቶ ተከታታይ ከማንኛውም የኮምፒውተር ምስል ይበልጥ ይናገርልሻል። ሶፍትዌር ካነሳን ራይኖን ልመጂ፤ የጀልባ ንድፍ ቢሮዎች በብዛት የሚሠሩት በእሱ ነው።

ጓደኞችሽ ስለ ባሕር ያሉሽ ከባድ ነገር አይደለም። ስዊዘርላንድም ባሕር የላትም፤ ግን አሊንጊ የተባለው ቡድኗ በ2003 ኒውዚላንድ ሄዶ የአሜሪካ ዋንጫ የሚባለውን ታላቅ የሸራ ጀልባ ውድድር አሸነፈ። ሐይቅም ገንዘብም ስላላት ነው ልትዪኝ ትችያለሽ፤ ልክ ነሽ። ሐይቁ ግን አንቺም ጋ አለ። ጀልባው ላይ ስትወጪ ማዕበል ሲነሳ እጅሽ የት እንደሚሄድ፣ እግርሽ ምን እንደሚፈልግ አስተውዪና ጻፊው።

ለማስተርስ የጄኖዋ ዩኒቨርሲቲ ላ ስፔዚያ ባለው ካምፓሱ የጀልባ ንድፍና ምሕንድስና ያስተምራል። ፖሊቴክኒኮ ዲ ሚላኖም በዚሁ ዘርፍ ማስተርስ አለው። ገንዘብ ካሳሰበሽ እኔ ከጣሊያን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ እንድትጀምሪ እመርጣለሁ። እዚያ በቤተሰብ ገቢ ላይ የተመሠረተ የክልል ስኮላርሺፕ አለ፤ የውጭ ተማሪም ያመለክታል። ለየትኛው ፕሮግራም እንደሚሰጥ ግን ከማመልከትሽ በፊት አረጋግጪ፤ በግል የሚከፈልባቸውን ስፔሻላይዝድ ኮርሶች ላይሸፍን ይችላል።

ከትምህርቱ በኋላ የምትፈልጊው የራስሽን ስም የያዘ ቢሮ ሳይሆን ጥሩ አለቃ ነው። ዛሬ ስመ ጥር የሆነው የጀልባ ነዳፊ አንድሩ ዊንች መጀመሪያ በሌላው ታዋቂ ነዳፊ በጆን ባነንበርግ ሥር ሠርቶ ነው በ1986 የራሱን ቢሮ የከፈተው። ኢንተርንሺፕ ስትጠይቂ ረጅም ደብዳቤ አትጻፊ። የዚያን የትንሿን ጀልባ ፕላን፣ የክብደት ሠንጠረዡንና የኩሽናውን ፎቶዎች በአንድ ፒዲኤፍ አድርገሽ ላኪ።

ለስኮላርሺፑ የቤተሰብ ገቢና ንብረት ማስረጃ ማስተርጎምና ማረጋገጥ ጊዜ ይበላል። አምስተኛ ዓመት ስትገቢ ወዲያው ጀምሪው።