ጓዳ ውስጥ ያለችው መርማሪ

ባለፈው ሳምንት የአሜሪካዊቷን ደራሲ የባርባራ ኒሊን ልብ ወለድ ጠቅሼ ነበር፤ የቤት ሠራተኛ ወንጀል የምታነፈንፍበትን። ጥያቄው ጎረፈልኝ። የተወሰኑትን ልመልስ።

ርዕሱ ላይ ያለው «ላም» ምንድን ነው? (ከአዳማ)

የምትታለበዋ አይደለችም! ርዕሱ «ብላንሽ ኦን ዘ ላም» ነው። በአሜሪካኖች የአራዳ ቋንቋ «ኦን ዘ ላም» ከሕግ እየሸሹ መሆን ነው። ብላንሽ ኋይት ሰሜን ካሮላይና ውስጥ ደረቅ ቼክ ጽፋ ፍርድ ቤት ትቀርባለች። አሠሪዎቿ ሳይከፍሏት ለሽርሽር ስለሄዱ ነው ሂሳቧ ባዶ የቀረው። ዳኛው 30 ቀን ፈረዱባት። በግርግር መሃል ሹልክ አለች። አንድ የሀብታም ቤት ደጃፍ ስትደርስ እመቤቲቱ ኤጀንሲ የላካት ሠራተኛ መሰለቻት። ብላንሽም ሽርጧን ታጥቃ እዚያው ተደበቀች። በነገራችን ላይ ብላንሽ በፈረንሳይኛ፣ ኋይት በእንግሊዝኛ «ነጭ» ነው። ጥቁሯ ሴትዮ «ነጭ ነጭ» ተብላ ነው የምትጠራው።

ሠራተኛ ግድያ ስትመረምር አልተጋነነም? ፖሊስ ምን ሊሠራ ነው? (ከጎንደር)

እኔ ከፖሊሱ ይልቅ የማምነው እሷን ነው። ፖሊስ ቤት ለመፈተሽ ትእዛዝ ያወጣል። እሷ አንሶላ ትቀይራለች፣ ቆሻሻ ትደፋለች፣ ሸሚዝ ከማጠቧ በፊት ኪስ ትፈትሻለች። ባልና ሚስት ከተኳረፉ ከጎረቤት ቀድሞ አልጋው ይነግራታል።

ልጅ ሳለሁ አባቴና አጎቴ በመሬት ጉዳይ ይነታረኩ ነበር። እንግዳ ሲገባ ጸጥ ይላሉ። ቡና ይዛ የምትገባዋን የቤት ሠራተኛ ግን ከቁብ አይቆጥሯትም። ስኒ ሰብስባ ስትወጣ ወሬውንም ሰብስባ ነው። ከዓመታት በኋላ ማን ምን እንዳለ ስንጨቃጨቅ፣ ቀኑን ሳይቀር ያስታወሰችን እሷ ናት።

ብላንሽ ይህን ጠንቅቃ ታውቃለች። ልጆች በጥቁረቷ ሲያሾፉባት ከዘመድ የሰማችው ማጽናኛ አለ፤ ሌሊት መሰወር የሚችለው እንዲህ የጠቆረ ሰው ብቻ ነው የሚል። አድጋም ራሷን «የሌሊት ልጅ» ትላለች። እውነት ለመናገር ምስጢሩ መሃል ላይ ላላ ይላል። እኔን እስከ መጨረሻው የወሰደኝ የሴትዮዋ ምላስ ነው።

እንዲህ ያለች መርማሪ የመጀመሪያዋ እሷ ናት? (ከዋሽንግተን ዲሲ)

አይደለችም። ፖሊን ሆፕኪንስ እ.ኤ.አ. ከ1901 እስከ 1902 በተከታታይ ባወጣችው «የአጋር ልጅ» ውስጥ ቬነስ የምትባል ጥቁር ገረድ ወንድ ልጅ መስላ ትሰልላለች። የኒሊ የወጣው በ1992 ነው፤ አጋታ፣ አንቶኒና ማካቪቲ የሚባሉትን ሦስቱንም የጀማሪ ሽልማቶች ጠራርጎ ወሰደ። ብላንሽ በአራት መጻሕፍት አለች። ኒሊ ያረፈችው በ2020 ነው።

ደመወዝ መከልከል እዚያም አለ እንዴ? (ከደሴ)

ሞልቶ! እ.ኤ.አ. በ1938 የወጣው የአሜሪካ የዝቅተኛ ደመወዝ ሕግ የቤት ሠራተኞችን ትቷቸው ነበር። ብዙዎቹ ጥቁር ሴቶች ነበሩ። የተካተቱት በ1974 ነው። በብላንሽ ጊዜ ሕጉ አለ፤ ግን ለሳምንት ደመወዝ ብሎ ጠበቃ የሚይዝ ማን ነው?

እኔም ኩዌት የሰው ቤት ነው የምሠራው። እንግሊዝኛዬ ደከም ያለ ነው፣ ልሞክረው? (ከኩዌት)

ሞክሪው እህቴ። ንግግር ይበዛበታል፣ ዓረፍተ ነገሩም አያደክምም። እንደ ብላንሽ ሹልክ እላለሁ ብለሽ ግን እንዳትነሺ! እሷ አገሯ ላይ ናት፤ እናቷ ቅርብ ናት፣ ስልክ የምትደውልላት ጓደኛ አላት። በከፋላ፣ ማለትም በአሠሪ ዋስትና ሥርዓት፣ ደግሞ ኢቃማሽ (የመኖሪያ ፈቃድሽ) የታሰረው ከአሠሪሽ ጋር ነው። ጥለሽ ብትወጪ «ጠፍታለች» ተብሎ ሊመዘገብብሽ ይችላል። ስትጨርሺው ጻፊልኝ። እኔ ሶፋ ላይ ተጋድሜ ያለፍኩትን አንቺ ታዪዋለሽ።

ገዳዩ ማነው? ከባለቤቴ ጋር ተወራርደናል። (ከሐዋሳ)

አልናገርም። ባልሽ «አትክልተኛው ነው» ካለ ግን ብሩን ተቀበዪው።