ጥያቄና መልስ፦ ፀረ ተባይ ከውሃ በሜምብሬን (በስስ የማጣሪያ ሽፋን) ይወጣል?

ማጣሪያ ስገጥምና ስፈታ ነው የኖርኩት፤ ጠይቁኝ። ብቻ «ውሃችን መርዝ አለው ወይ?» አትበሉኝ። ሳይመረመር አላውቅም።

ከአዘዞ፦ ጋሼ፣ ጉድጓዳችን የሽንኩርት ማሳ ሥር ነው። አፍልተን ብንጠጣ ይበቃል?

— አይበቃም። ማፍላት ጀርም ይገድላል። ፀረ ተባዩ ግን አብዛኛው እዚያው ይቀራል፣ ውሃው ሲተን እንዲያውም ይወፍራል። ውሃ አጋርም አያወጣውም።

ከማራኪ፦ የሸክላ ሻማ ያለው ማጣሪያስ?

— ጭቃና ባክቴሪያ ይይዛል። ኬሚካሉ እየሳቀ ያልፋል።

ከቆላ ድባ፦ ናኖና አርኦ የሚባሉት ሜምብሬኖች ምን ለያቸው?

— እንዲህ ያለ ጥያቄ አምጡልኝ! ናኖ በግምት ከ200 እስከ 1000 ዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ ነው) ያለውን ይይዛል። አረም ማጥፊያዎቹን ብታዩ፣ ቱ ፎር ዲ 221፣ አትራዚን 216 ገደማ ነው፣ ሁለቱም ድንበር ላይ ናቸው። ግን ቱ ፎር ዲ ውሃ ውስጥ ኔጌቲቭ ቻርጅ ይይዛል፣ ሜምብሬኑም ብዙ ጊዜ ኔጌቲቭ ስለሆነ ይገፋዋል። አትራዚን ቻርጅ የለውም፣ ስለዚህ ይሾልካል። ነፍሳት ገዳዩ ማላታይን 330 ነው፣ እሱ ይሻላል። አርኦ ከናኖ የጠበቀ ወንፊት ነው፣ ቢሆንም ከኋላው ካርቦን (የከሰል ማጣሪያ) አድርጉ። ደግሞ በመጀመሪያው ቀን ውጤት አትደሰቱ። ዘይት የሚወድ ኬሚካል መጀመሪያ ሜምብሬኑ ላይ ይለጠፋል፣ ሲጠግብ ነው ማለፍ የሚጀምረው። ቧንቧ ላይ ከገጠማችሁ ከፊትም ካርቦን ያስፈልጋል፣ ክሎሪን ሜምብሬኑን ይበላዋል። የክረምቱ ደለል ደግሞ ይደፍነዋል።

ከፒያሳ፦ ቲዲኤስ መለኪያዬ 20 አለ። ንጹህ ነው አይደል?

— ኤጭ! እሱ ጨው ነው የሚለካው። የዓለም ጤና ድርጅት ለቱ ፎር ዲ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 0.03 ሚሊግራም ነው። መለኪያህ ይህን ከየት ያየዋል?

ከአራዳ፦ ውሃ በፈረቃ እየመጣ አርኦ ቅንጦት ነው። 1 ሊትር ሊሰጥ 3 ሊትር ይደፋል!

ከማራኪ፦ በሚደፋው ሽንት ቤት ታጥቢበታለሽ።

ከአራዳ፦ የእኛ ሽንት ቤት ጉድጓድ ነው፣ ምኑን ልጠብ?

ከማራኪ፦ ጎመን አጠጪበት እንግዲህ።

— ኧረ ጎመን አይሆንም! ሜምብሬን መርዙን አያጠፋም፣ ከውሃው ለይቶ ወደሚደፋው ይልከዋል። የሚደፋው ከጉድጓዱ ውሃ የባሰ ነው።

ከአንገረብ፦ ዋጋው ስንት ነው?

— ሻጭ ጠይቁ።

ከአዘዞ፦ ታዲያ ማፍላቱ...

— አልኩህ እኮ! ይልቅ ማሳው ላይ ምን እንደሚረጭ ንገረኝ። ስሙ ጠርሙሱ ላይ አለ።

ከአዘዞ፦ ወረቀቱ ተልጧል፣ ጋሼ። እናቴ አጥባ ዘይት አስቀምጣበታለች።

— የማጣሪያውን ነገር ተወው። ዘይቱን አትብሉት። ጠርሙሱን ብሳው፣ ሌላ ሰው እንዳይጠቀምበት። አሁኑኑ ሂድ።