ለኢኤል84 አምፕህ የሚሆነው ቮሊዩም

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። ከአጎትህ የደረሰህ ባለ ቫልቭ (የመስታወት ቱቦ ያለው) ስቴሪዮ አምፕ አለ፤ የመግቢያው ቫልቭ ኢሲሲ83፣ የመውጫው ኢኤል84፣ ቮሊዩም ግን የለውም። ስልክህንና ሲዲ ማጫወቻህን ልታገናኝበት ፈልገህ «10 ኪሎ ኦም ልግዛ ወይስ 100? የት ይቀመጥ? በምን ሽቦ?» ብለሃል። ቀድመውኝ የመለሱልህ ስለ ብራንድ ነው የተከራከሩት። እኔ እዚሁ ጅማ ሬዲዮና ቴፕ ስጠግን ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ በእጄ ካለፈው ተነስቼ የምለው፣ ቮሊዩም የሚመረጠው ከእሱ በፊት ምን እንዳለ፣ ከእሱ በኋላ ደግሞ ምን እንደሚከተል ታይቶ ነው። ብራንዱ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ምንም ከመንካትህ በፊት ግን ቫልቮቹ ላይ የተጻፈውን ራስህ አንብብ። በ«ኢ» የሚጀምሩት ማሞቂያ ክራቸው በ6.3 ቮልት ነው የሚሠራው፤ አብዛኛውን ጊዜ ትራንስፎርመር አላቸው። በ«ዩ» የሚጀምሩ፣ ማለትም እንደ ዩሲኤል82፣ ዩኤል84፣ ዩዋይ85 ያሉ ከሆኑ ተወው። እነዚህ ክራቸው በተከታታይ ተያይዞ በቀጥታ ከመብራቱ መስመር የሚሠሩ ናቸው፤ ብረቱ ራሱ ብዙ ጊዜ ከመስመሩ ጋር የተያያዘ ነው። እንደዚህ ያለ ነገር ላይ ስልክ ሰክተህ በእጅህ ያዝክ ማለት 220 ቮልት ያዝክ ማለት ነው። «ኢ» ቢሆንም እንኳ አትመን። ሶኬቱን ንቀል፣ ማብሪያውን እንደሚበራ አድርገህ ተወው፣ በመልቲሜትር ከሶኬቱ ሁለት እግሮች ወደ ብረቱ ለካ። ከሁለቱም በኩል ምንም ግንኙነት ማሳየት የለበትም። ካሳየ እዚያው አቁም።

አሁን ወደ ጥያቄህ። ባለፈው ክረምት አንድ ሰው ከፈረንጅ አራዳ በዋንዛ የተሠራ የሚያምር ሳጥን ይዞልኝ መጣ። ባለ 100 ኪሎ ቮሊዩም ገዝቶ ሳጥኑ ውስጥ አስቀምጦታል፤ ከሶፋው ሳይነሳ እንዲያዞረው ብሎ ከሳጥኑ እስከ አምፑ 5 ሜትር ሺልድ ሽቦ (ዙሪያውን በብረት ክር የተሸፈነ) ዘርግቷል። ቅሬታው «የክራሩ ቀጭን ድምፅ ጨርቅ የተደረበበት ይመስላል» የሚል ነበር። ቤቱ ሄጄ ሰማሁት። ቮሊዩሙን እስከ ጫፍ ሲከፍተው ድምፁ ይጠራል፤ ትንሽ መለስ ሲያደርገው ይታፈናል። ስልኩ ደካማ ስለነበር ደግሞ ዘወትር የሚያዳምጠው እዚያው የታፈነው ቦታ ላይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቮሊዩም ሲግናሉን ግማሽ የሚያደርግበት ቦታ ላይ ሲደርስ፣ ከእሱ በኋላ ያለው ሁሉ የቮሊዩሙን ሩብ ያህል ኦም ከፊቱ ተደቅኖ ያገኘዋል። የ100 ኪሎ ሩብ 25 ኪሎ ነው። ሺልድ ሽቦ ራሱ እንደ ትንሽ ካፓሲተር ነው፤ በሜትር በግምት 100 ፒኮፋራድ ይይዛል፤ 5 ሜትሩ 500፣ የኢሲሲ83 መግቢያ ደግሞ 100 ያህል ይጨምራል። 25 ኪሎ ኦምና 600 ፒኮፋራድ ሲገናኙ ከ10 ሺህ ኸርዝ ትንሽ ከፍ ብሎ ያለውን ድምፅ መብላት ይጀምራሉ። ጨርሶ ሲከፈት የሚጠራውም ለዚህ ነው፤ ያን ጊዜ ሽቦውን የሚነዳው ስልኩ ራሱ ነው፣ የስልክ መውጫ ደግሞ ኦሙ ዝቅተኛ ስለሆነ ለ5 ሜትር አይበገርም።

ያደረግኩት ቮሊዩሙን ከሳጥኑ አውጥቼ አምፑ ብረት ላይ ማሰር ብቻ ነው፣ ከመጀመሪያው ቫልቭ አንድ ጣት ርቀት ላይ። ያው ሽቦ፣ ያው ቮሊዩም። ሽቦው ከቮሊዩሙ በፊት ሲሆን ጨርቁ ተነሳ። ሰውየው ሳጥኑን በመተዉ አዝኖ ነበር፤ ክራሩን ሲሰማ ግን ቁጭ ብሎ ሁለት ዘፈን ሙሉ ምንም አልተናገረም።

«እንግዲያው 10 ኪሎ ገዝቼ ልገላገል» ትል ይሆናል። ለስልክና ለሲዲ ይሠራል። ነገ ግን ባለ ቫልቭ ፕሪአምፕ (ከአምፑ በፊት ሲግናሉን የሚያጎላ ዕቃ) ብታመጣ ታዝንበታለህ። ከኢሲሲ83 አኖድ (የቫልቩ መውጫ እግር) በቀጥታ የሚወጣ ሲግናል ከኋላው 40 ኪሎ ኦም ያህል ስላለበት 10 ኪሎ ሲጫንበት አብዛኛውን ድምፅ ይጥላል። መውጫው ላይ ያለው ካፓሲተር 0.1 ማይክሮፋራድ ከሆነ ደግሞ ከ30 ኸርዝ ገደማ በታች ያለው ቤዝ እየሳሳ ይሄዳል። ስለዚህ ምክሬ፦ ስልክና ሲዲ ብቻ ከሆነ 50 ኪሎ፤ ባለ ቫልቭ ፕሪአምፕ የማምጣት ሐሳብ ካለህ 100 ኪሎ። በሁለቱም ቢሆን ቮሊዩሙ አምፑ ውስጥ፣ ከእሱ በኋላ ያለው ሽቦ ከ10 ሳንቲሜትር ያልበለጠ።

ሲዲ ማጫወቻ እስከ 2 ቮልት ያወጣል። ለአንተ ዓይነቱ አምፕ ይህ ይበዛል፤ ቮሊዩሙን ገና ነካ ስታደርገው ቤቱን ይሞላዋል። ርካሽ ድርብ ቮሊዩም ደግሞ ታች ላይ ግራና ቀኙ እኩል አይሄድም፣ ዘፋኙ ወደ አንዱ እስፒከር ያዘነብላል። ብዙ ሰው «ቮሊዩሙ ተበላሸ» ብሎ የሚያመጣልኝ ይህንን ነው። ከ50 ኪሎው በፊት በየቻናሉ 47 ኪሎ ሬዚስተር በሲዲው መስመር ላይ ጨምር፤ ሲግናሉ በግማሽ ይወርዳል፣ ቁልፉም የሚሠራበት ቦታ ወደ መሀል ይመጣል። በስልኩ መስመር አታስገባው። ስልኩን ራሱ ወደ ላይኛው ጫፍ ከፍ አድርገህ ተወው፣ ማሳነሱን አምፑ ላይ።

ስትገዛ ሎግ የሚባለውን ግዛ፤ ሊኒየር ከሆነ ድምፁ በመጀመሪያው ሩብ ዙር ያልቃል። ዛሬ ገበያ ላይ «ኤ» ሎግ፣ «ቢ» ሊኒየር ነው፤ በድሮ የአውሮፓ ዕቃ ግን የተገላቢጦሽ ታገኛለህ። ሂርማታ ስትሄድ መልቲሜትርህን ይዘህ ሂድ። ቁልፉን መሀል አቁመህ ከመሀለኛው እግር ወደ ግራውንዱ ለካ። የጠቅላላው ግማሽ ካሳየ ሊኒየር ነው፤ ከ10 እስከ 15 በመቶ ካሳየ ሎግ ነው። ሻጩ ቢቆጣ እንኳ ለካ።

አገጣጠሙ፦ መዞሪያው ወደ አንተ፣ እግሮቹ ወደ ታች ሆነው ስታየው ግራው ግራውንድ፣ ቀኙ መግቢያ፣ መሀሉ ወደ ቫልቭ ነው። ከመሀሉ እግር ወደ ግራውንድ 1 ሜጋ ኦም ጨምር፣ በየቻናሉ። ቮሊዩም ሲያረጅ መሀሉ አንዳንዴ ይነቀላል፤ ያን ጊዜ የቫልቩ ግሪድ (ሲግናል የሚገባበት እግር) አየር ላይ ይንጠለጠላል፣ እስፒከሩም ይጮሃል። ይህች ሬዚስተር ታድነዋለች።

ስለ ሽቦው ብዙ አልልም። ተራ ሺልድ ሽቦና አርሲኤ ይበቃሃል። ኤክስኤልአር መቀየሪያ ማድረግ ባላንስድ (ሲግናሉ በሁለት ተቃራኒ ሽቦ የሚሄድበት) አያደርገውም፤ አምፑ ራሱ እንደዚያ ሆኖ ካልተሠራ ገንዘብህን አትጣል። የድሮው መግቢያ ባለ 5 እግር ዲን ከሆነ መሀሉ ግራውንድ ነው፤ 3 ቁጥር ግራ፣ 5 ቁጥር ቀኝ።

«ኡምም» የሚል ድምፅ ከመጣ ኮምፒውተሩን ወይም ስልኩን ከቻርጀሩ ንቀል። ከጠፋ ችግሩ በሁለት መንገድ የሚዞር ግራውንድ ነው፤ በሲግናሉ መስመር ላይ አንድ ለአንድ የሆነ የኦዲዮ ትራንስፎርመር ያስቀረዋል። የአምፑን የመሬት ሽቦ ግን በፍጹም አትቁረጥ። እንደዚህ ተቆርጦ የመጣ ዕቃ አይቻለሁ፤ ባለቤቱ በሕይወት መኖሩ ነው የገረመኝ።

አንድ የቀረ ነገር አለ፣ እኛ አገር በተለይ። የጅማ ክረምት እርጥበቱን ታውቀዋለህ፤ የድሮ የወረቀት ካፓሲተር እርጥበት ሲገባው ዲሲ (ቀጥተኛ ኮረንቲ) ያሳልፋል። የአምፕህ ዕድሜ ከአጎትህ ጋር የሄደ ስለሆነ ይህ ይመለከትሃል። አዲስ ቮሊዩም አስገብተህ ስታዞረው ቢንጫጫ ቮሊዩሙን አትክሰስ። የመግቢያውን ሽቦ ነቅለህ፣ አምፑን አብርተህ፣ አንድ እጅህን ኪስህ ውስጥ ከተህ፣ በመሀለኛው እግር ላይ ዲሲ ለካ፤ ዜሮ አካባቢ መሆን አለበት። ከዚያ በየኢኤል84ቱ ግሪድ ላይ እንደዚያው ለካ፤ እዚያ ፖዘቲቭ ቮልት ካገኘህ ወዲያው አጥፋው፣ ከመንካትህ በፊት ትልልቆቹን ካፓሲተሮች በሬዚስተር አራግፍ፣ ቁጥሩንም እዚህ ጻፍልኝ። ከታች በኩል የተነሳ ፎቶ ብትጨምር ደግሞ የትኞቹን ካፓሲተሮች መቀየር እንዳለብህ አንድ በአንድ እነግርሃለሁ።