ዶሮዎችሽ ካስነጠሱ፣ ከመድኃኒቱ በፊት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አሥራ ስድስት ዶሮ አለሽ፤ ሦስቱ ያስነጥሳሉ፣ ከእነሱም የአንዷ ዓይን አብጦ ተጨፍኗል፣ እስካሁን የሞተ የለም። ከሰው መድኃኒት ቤት የገዛሽውን ካፕሱል ፈትተሽ ውሃቸው ውስጥ ጨመርሽ፤ ሦስት ቀን ጠብቀሽ ለውጥ ስታጪ «ሌላ ምን መድኃኒት ልስጥ?» አልሽ። ቀድመውኝ የመለሱልሽ ሰዎች አምስት ዓይነት መድኃኒት ጠቅሰዋል። እኔ ስድስተኛ አልጨምርም። ሐኪም አይደለሁም፤ ደብረ ብርሃን ከተማ ጓሮዬ ውስጥ ዶሮ ማርባት ከጀመርኩ ግን ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል፤ እንዲህ ባለው በሽታ ከመንጋዬ ግማሽ ያህሉን አጥቻለሁ።

በመጀመሪያ ፈንግልን፣ ኒውካስል የሚባለውን ገዳይ የዶሮ በሽታ፣ እንለይ። ያልተከተበ መንጋ ውስጥ ፈንግል ሲገባ ሦስት ዶሮ አስነጥሶ አያበቃም። በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ አረንጓዴ ተቅማጥ፣ የክንፍና የእግር መልፈስፈስ፣ የአንገት መጠምዘዝ ይታያል፤ ከዚያም ጠዋት በር ስትከፍቺ የሞቱትን ትለቅሚያለሽ። መድኃኒት የለውም። እንዲህ ያለ ነገር ካየሽ አንዲትም ዶሮ ለገበያ ሳታወጪ ለአካባቢሽ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ንገሪ፤ የሞቱትንም ውሻ በማያወጣው ጥልቀት ቅበሪ። እጅሽን ሳትታጠቢ ዓይንሽን አትንኪ፤ የፈንግል ቫይረስ የሰውን ዓይን ለጥቂት ቀናት ያቀላል። እንደ ነገርሽን ከሆነ ግን ያንቺ ዶሮዎች ፈንግል የያዛቸው አይመስለኝም።

ዛሬ ማታ ዶሮዎቹ ቆጥ ላይ ወጥተው ጸጥ ካሉ በኋላ፣ መብራት ሳታበሪ በሩ አጠገብ ቆመሽ አምስት ደቂቃ ያህል አዳምጪ። ቀን በጫጫታቸው የሚሸፈነው ድምፅ ያን ጊዜ ይሰማል። ሽሮ ድስት ውስጥ ሲንተከተክ የሚያሰማውን ዓይነት ድምፅ ከሰማሽ፣ ጠዋት ደግሞ በዓይናቸው ጥግ አረፋ ካየሽ፣ እኔ በቅድሚያ የምጠረጥረው ማይኮፕላዝማ የተባለውን ተሕዋስ ነው። ቀስ እያለ ሳምንታት የሚጎተት በሽታ ያስከትላል። ብዙ አይገድልም፤ ዶሮዋን ግን ያከሳታል፣ እንቁላሏንም ይቀንሳል። ፊት በአንድ ሌሊት አብጦ ከአፍንጫ የሚወጣው ፈሳሽ ከሸተተ ደግሞ ኮሪዛ የተባለውን ተላላፊ የአፍንጫና የፊት በሽታ ጠርጥሪ፤ ያን ሽታ አንድ ጊዜ ያሸተተ ሰው አይረሳውም። የተሸበሸበ ቅርፊት ያለው፣ ሲሰበር ነጩ እንደ ውሃ የሚፈስ እንቁላል ካገኘሽ ጉዳዩ ብሮንካይተስ ወደሚባለው የመተንፈሻ በሽታ ቫይረስ ያደላል። አፋቸውንም ከፍተሽ እዪ፤ ምላሳቸው ሥር ቢጫ ነገር ከተለጠፈ እርጥቡ የዶሮ ፈንጣጣ ሊሆን ይችላል፤ ስለሚደማ ልላጠው አትበዪ። አስቸጋሪው ነገር እነዚህ በሽታዎች ሁለት ሦስት ሆነው አብረው መምጣታቸው ነው። ስለዚህ እኔም ሆንኩ ሌላ ሰው በጽሑፍ ብቻ እርግጡን ልንነግርሽ አንችልም።

ያበጠው ዓይን የእኔን ታሪክ አስታወሰኝ። ከአራት ዓመት በፊት በሕማማት ሳምንት ለፋሲካ ሁለት አውራ ዶሮ ከገበያ ገዛሁና እስኪታረዱ ድረስ ከራሴ ሃያ ሦስት ዶሮዎች ጋር አሰርኳቸው። ሐሙስ ዕለት የአንደኛው አፍንጫ ረጥቦ አየሁ፤ መንገድ ላይ ብርድ መትቶት ነው ብዬ አለፍኩት። ቅዳሜ ሌሊት ታረዱ፣ ወጡም ተበላ። ዳግማይ ትንሣኤ ሳይደርስ ስምንት ዶሮዎቼ ፊታቸው አብጦ ተደፍተው ነበር። ኮሪዛ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ውስጥ ምልክቱን እንደሚያሳይ የሰማሁት ከዚያ በኋላ ነው። ቦቫንስ ከሚባሉት እንቁላል ጣይ ዶሮዎቼ የአንዷን ዓይን ለብ ባለ ውሃ በነከርኩት ጨርቅ እያለሰለስኩ ቀስ ብዬ ስከፍተው፣ እንደ አይብ የረጋ የባቄላ ፍሬ የሚያህል ነገር ወጣ። ከሥሩ ዓይኗ ጤነኛ ነበር፤ አየችኝና እጄን ነከሰችኝ። እስቲ አስቢው፤ አንቺስ ባለፉት ሁለት ሳምንታት ከገበያ ያስገባሽው ዶሮ የለም?

በዚያ ላይ ጥፋቱ የአውራ ዶሮዎቹ ብቻ እንዳልነበረ ልንገርሽ። እኛ ጋ ጥቅምት ሲገባ ውርጭ ይወርዳል። ይበርዳቸዋል ብዬ የዶሮ ቤቱን ቀዳዳ ሁሉ በላስቲክ ደፍኜ ነበር፤ ፋሲካ ሲደርስም አላነሳሁትም። አንድ ቀን እንቁላል ልትገዛ የመጣች የጎረቤት ልጅ በሩ ላይ ቆማ አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች። እኔ ምንም አይሸተኝም ነበር። ከእርጥብ ኩስ የሚወጣው አሞኒያ እንዲህ ነው፤ በየቀኑ የሚገባ ሰው ይለምደዋል። ዶሮዎቹ ግን እታች፣ እምንጩ ላይ ናቸው። አሞኒያ በመተንፈሻ ቧንቧቸው ውስጥ ቆሻሻ የሚጠርጉትን ጥቃቅን ፀጉሮች ያደክማል፤ ከዚያ በኋላ ጤነኛ ዶሮ ተቋቁማ የምታልፈው ተሕዋስ ሁሉ ይጥላታል። ጎህ ሲቀድ፣ ቤቱ ሌሊቱን ተዘግቶ እንዳደረ፣ ገብተሽ ተንበርከኪና ከሰጋቱራው አንድ ስንዝር ከፍ ብለሽ ተንፍሺ። ዓይንሽን ከቆጠቆጠሽ ለመድኃኒት ያሰብሽውን ገንዘብ ለአዲስ ሰጋቱራ አውጪው። ከቆርቆሮው ሥር፣ ቆጥ ላይ ሲሆኑ ከራሳቸው በላይ በሚሆነው ቦታ፣ በሁለቱም ወገን ስንዝር የሚያህል ክፍተት አውጪና በወንፊት ሽቦ ሸፍኚው። ነፋሱ በላያቸው ያልፋል እንጂ አይመታቸውም። ዶሮ ደረቅ ከሆነች ብርድ ትችላለች፤ የእኔዎቹ የደብረ ብርሃንን ታኅሣሥ ያለ ላስቲክ ያሳልፋሉ። ሰጋቱራው እፍኝ ተይዞ ሲጨመቅ ከተጣበቀ ረጥቧልና ይውጣ። የሻገተ ጭድማ ጨርሶ አይግባ፤ ሻጋታው ራሱ የጫጩት ሳንባ ያበሰብሳል።

ሦስቱን ዛሬውኑ ለያቸው። ነፋስ ከእነሱ ወደ ጤነኞቹ በማይነፍስበት ጥግ፣ ደረቅና ሞቅ ያለ ቦታ አድርጊላቸው። መኖና ውሃ ስትሰጪ ከጤነኞቹ ጀምረሽ በበሽተኞቹ ጨርሺ፤ ጫማም ለየብቻ ይሁን። ግማሽ ሊትር ውሃ አፍልተሽ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምሪበትና ለብ ሲል ዓይናቸውንና አፍንጫቸውን በንጹሕ ጨርቅ እጠቢ። ጎመን ከትፈሽ ስጪያቸው፤ ቫይታሚን ኤ ያጠራት ዶሮ ዓይኗና አፍንጫዋ ቶሎ ይጎዳል።

ካፕሱሉ ለምን እንዳልሠራ ልንገርሽ። የሰው ካፕሱል ለዶሮ ተለክቶ አልተሠራም፤ በባልዲ ውሃ ውስጥ ስትበትኚው እያንዳንዷ ዶሮ ምን ያህል እንዳገኘች አታውቂም። የታመመች ዶሮ ደግሞ ውሃ በደንብ ላትጠጣ ትችላለች፤ መድኃኒቱን ጤነኞቹ ይጠጡላታል። ቴትራሳይክሊን ከሆነ ሌላም ችግር አለ፤ ለእንቁላል ጣዮች የምንሰጠው የእንቁላል ቅርፊትና የኖራ ድንጋይ ካልሲየም መድኃኒቱን አስሮ ሳይሠራ ያስወጣዋል። አሁን እሱን አቁሚና አንዷን በሽተኛ ይዘሽ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ለማይኮፕላዝማ ታይሎሲን ወይም ኦክሲቴትራሳይክሊን ሊያዝልሽ ይችላል፤ ለኮሪዛ ሌላ ሊመርጥ ይችላል፤ ለቫይረሶቹ ግን አንዱም አይሠራም። ያዘዘልሽን በየቀኑ አዲስ በጥብጠሽ የተባለውን ቀን ሙሉ ጨርሺ። ሦስተኛው ቀን ላይ ተሻላቸው ብለሽ ብታቋርጪ ሁለተኛው ዙር ይብሳል። መርፌ የሌለው የመድኃኒት መስጫ ሲሪንጅ ካለሽ ለደካሞቹ በምንቃራቸው ጎን ጠብታ በጠብታ ስጪ። የመተንፈሻ ቧንቧቸው መክፈቻ ከምላሳቸው ጀርባ ስለሆነ አፍ ከፍቶ መገልበጥ ሳንባ ውስጥ መገልበጥ ነው። አረቄ በማንኪያ የሚያፈሱ ሰዎች ዶሮ እጃቸው ላይ የሚሞትባቸው በዚህ ነው። መድኃኒቱ እየተሰጠ ሳለና ከዚያም በኋላ መለያው ላይ የተጻፈው ቀን እስኪያልፍ እንቁላሉን አትብሉ፣ አትሽጡም።

ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ የመከሩሽን አልቃወምም፤ በጥቂቱ ጉዳት የለውም፤ ሕክምና ግን አይደለም። የባሕር ዛፍ ቅጠል አጭሰሽ እጠኛቸው ያሉሽን ግን አትስሚ። እኔ ሰምቼ አጥኛቸዋለሁ። መተንፈስ ያቃተውን ፍጡር ጭስ ውስጥ መዝጋት ምን ያህል ሞኝነት እንደሆነ የገባኝ፣ በሩን ስከፍት ሁሉም አፋቸውን ከፍተው አንገታቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ሳያቸው ነው። በማግስቱ ሁለቱ ሞቱ።

ከሃያ ሦስቱ አሥራ ሁለት ተረፉኝ። ደስታዬ ግን እስከ ሐምሌ ዝናብ ብቻ ነበር፤ ያኔ እንደገና ማስነጠስ ጀመሩ። ኮሪዛም ሆነ ማይኮፕላዝማ ያገገመችው ዶሮ ውስጥ ይቀመጣል፤ ድና እንቁላል ትጥላለች፣ አዲስ የመጣችውን ቄብ ግን ታሳምማለች። ጎረቤቴ «ገበያ አውጣቸው፣ ማን ያውቃል» አለኝ። እኔ ራሴ እንዲህ ካደረገ ሰው እንደገዛሁ ስለማውቅ አልሆነልኝም። ሐኪሙ ከፈቀደና የመድኃኒቱ ቀን ካለፈ በኋላ ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል እያረድን ቤት ውስጥ ጨረስናቸው። ቤቱን ጠርጌ፣ አጥቤ፣ ግድግዳውን ኖራ ቀብቼ አንድ ወር ባዶ አቆየሁት። አንቺ ግን አሁን ዶሮዎችሽን ጨርሺ እያልኩሽ አይደለም። አዲስ ጫጩት ብቻ በመካከላቸው አታስገቢ፤ ለመተካት ስታስቢ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ተኪ።

ክትባት ጠይቀሻል። የፈንግል ክትባት ቢሾፍቱ የሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ያመርታል። አሁን ግን እያስነጠሱ ሳለ አታስከትቢያቸው፤ በተለይ ላሶታ የሚባለው የታመመ መተንፈሻ ላይ ሲደርስ ያባብሳል። ካገገሙ በኋላ ከጎረቤቶችሽ ጋር ተነጋገሩና በአንድ ቀን አስከትቡ፤ አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚበቃ ስለሆነ ለአሥራ ስድስት ብቻ መክፈት ብክነት ነው። በበረዶ ይዘሽው ካልመጣሽ ደግሞ ውሃ እንደከተብሽ ቁጠሪው።

የበዓል ዶሮ አሁንም ከገበያ እገዛለሁ። ግን ማእድ ቤቱ ጀርባ፣ ከዶሮ ቤቱ በተቃራኒው ጥግ ይታሰራል፤ ላባውና የታጠበበት ውሃም ጉድጓድ ይገባል። ማታ ካዳመጥሽ በኋላ ድምፁ ምን እንደሚመስል፣ ዓይኗም ሲታጠብ ምን እንደወጣ ጻፊልኝ።