አሜሪካና አውሮፓ እንዴት ይቀራረቡ? ከሃምቡርግ ወደብ የሚታየኝ

አንድ ወንድማችን «አሜሪካና አውሮፓ በታሪፍ እየተናከሱ ነው፤ ግንኙነታቸውን የሚያጠናክረው ምንድነው? ትልቅ የንግድ ስምምነት አይሻላቸውም ወይ?» ብሎ ጠይቋል። እኔ ሃምቡርግ በትራንዚተርነት ነው የምሠራው። ወደ አሜሪካ የሚሄድ ዕቃ ወረቀቱ በእጄ ስለሚያልፍ፣ በዚያው በኩል ልመልስ። ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው።

ትልቁንማ ሞክረውታል። ቲቲአይፒ የሚባለው ድርድር በ2013 ተጀመረ። ሁሉን ነገር ባንድ ጥቅል ሊጨርሱ ነበር። እዚህ ጀርመን ሕዝቡ «አሜሪካኖቹ በክሎሪን የታጠበ ዶሮ ሊያበሉን ነው» ብሎ ተነሳ። በ2015 በርሊን ላይ ከመቶ ሺህ በላይ ሰው ሰልፍ ወጣ። በዓመቱ ኦባማ ሃኖቨር ድረስ መጥቶ ከሜርክል ጋር ሊገፋው ሞከረ፤ አልሆነም። ትራምፕ ሲገባ ነገሩ ቆመ።

እኔን ያስተማረኝ ግን የ2019ኙ ነው። ሁለቱ ወገኖች ለአውሮፕላን ሠሪዎቻቸው፣ ለአውሮፓው ኤርባስና ለአሜሪካው ቦይንግ፣ በሚሰጥ ድጎማ ከ2004 ጀምሮ በዓለም ንግድ ድርጅት ሲካሰሱ ኖረዋል። አሜሪካ በኤርባሱ ክስ ረታችና በ7.5 ቢሊዮን ዶላር የአውሮፓ ዕቃ ላይ ቀረጥ እንድትጥል ተፈቀደላት። አውሮፕላኑ ላይ 10 በመቶ ጣለች፣ ሌላው ላይ 25። ዝርዝሩን ስከፍተው የስኮትላንድ ውስኪ አለ፣ አይብ አለ፣ የጀርመን ፒንሳ አለ። ወረድ ስል ጀርመን የተቆላ ቡና! ፍሬው ከሲዳማ ይምጣ ከብራዚል፣ እዚህ ከተቆላ የጀርመን ዕቃ ነው። አንድ ቡና የሚቆላ ደንበኛችን ደውሎ «እኔ የአውሮፕላን ክንፍ ነው እንዴ የምሸጠው?» አለኝ። ምን ልበለው? ቀረጡን በሕግ የሚከፍለው አሜሪካ ያለው አስመጪ ነው። አስመጪው ደግሞ ወይ ዋጋ ቀንስ ይላል፣ ወይ ትዕዛዙን ይሰርዛል። ዝርዝሩ በወጣ በሁለት ሳምንት አካባቢ ሥራ ላይ ስለዋለ፣ ዕቃው ባሕር ላይ እያለ ሂሳቡ የተቀየረበትም ነበር።

ጠቡ የበረደው ማን ጥፋተኛ እንደሆነ ተስማምተው አይደለም። በማርች 2021 ቀረጡን ለጊዜው አነሱት፤ ጁን ላይ ባይደን ብራስልስ ሲመጣ ማንሳቱን ለ5 ዓመት አራዘሙት። አንዷን ጠብ ለይተው አስቀመጧት፣ በቃ። የኛም ስልክ ፋታ አገኘ።

ከሁሉ የሚበልጥብኝ ግን ማንም የማያወራለት የመድኃኒቱ ጉዳይ ነው። ድሮ አንዱን ፋብሪካ የአውሮፓ ተቆጣጣሪም ይፈትሸዋል፣ የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤም ይመጣበታል። ከ2017 ጀምሮ አንዱ የሌላውን ፍተሻ መቀበል ጀመረ። ኤፍዲኤ የየአገሩን መሥሪያ ቤት አንድ በአንድ መዝኖ፣ በጁላይ 2019 የ28ቱንም አባል አገሮች ጨረሰ (እንግሊዝ ገና አልወጣችም ነበር)። ከዚያ ወዲህ ከአሜሪካ የሚገባ አብዛኛው መድኃኒት እዚህ ባች በባች (በየምርት ዙሩ) እንደገና መመርመሩ ቀረ። የላብራቶሪ ውጤት እየጠበቀ ቀዝቃዛ መጋዘን ውስጥ የሚከርም ፓሌት ላየ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሰልፍም አልወጣበትም።

እኔን ቢጠይቁኝ በዚሁ መንገድ ይቀጥሉ ነው የምለው። መኪናን እዩ። አሜሪካ የኋላ ፍሬቻ ቀይ መሆን ይችላል፤ አውሮፓ ግን ብርቱካናማ ካልሆነ አይገባም። ይህን ለማስማማት የመሪዎች ጉባኤ ምን ያደርጋል? መሐንዲሶቹን አንድ ክፍል አስገብቶ በሩን መዝጋት ነው።

በጁላይ 2025 ትራምፕና የአውሮፓ ኮሚሽን ፕሬዝዳንቷ ፎን ደር ላየን ስኮትላንድ፣ ተርንቤሪ ላይ ሲጨባበጡ ለአብዛኛው የአውሮፓ ዕቃ 15 በመቶ የቀረጥ ጣሪያ ወጣለት። ከድሮው ይበዛል፤ ግን 30 ይሆናል ሲባል ሲፈራ ለከረመ ነጋዴ እፎይታ ነበር። ደንበኞቻችን ወዲያው የጠየቁን «እስከ መቼ ነው የሚቆየው?» ብለው ነው። መልስ የሚሰጣቸው ግን አልነበረም።

ከናንተ መሃል ወደ አሜሪካ ዕቃ ልላክ የሚል ካለ፣ ቀረጥ መንገድ ላይ ቢቀየር ልዩነቱን ማን እንደሚሸከም ውሉ ላይ ያስጽፍ። በስልክ «እንተሳሰባለን» የሚለውን አትመኑ።