ለ12 ዓመት ልጅሽ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አሁን አትግዢላት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ ሳቄም ንዴቴም አብረው መጡ። «ልጄ 12 ዓመቷ ነው። የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ በሁለት ቀን ትጨርሳለች፤ አማርኛ ስሰጣት ግን ታኮርፋለች። ምን ልግዛላት?» ነው ያልሽው። ከአራት ዓመት በፊት የእኔ ቤት ልክ ይሄው ነበር። ከሥር መልስ ከሰጡሽ ሰዎች ደግሞ ግማሾቹ «ፍቅር እስከ መቃብርን ስጫት» ብለውሻል። ወደ መጽሐፍ መደብር ከመሄድሽ በፊት እባክሽ የእኔን ጉድ ስሚ።

1. «ፍቅር እስከ መቃብር» ይቆይ።

መጽሐፉን የናቅሁ እንዳይመስልሽ። እኔ ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ በሦስቱም አልቅሻለሁ። ችግሩ እኔ ያነበብኩት በ17 ዓመቴ መሆኑን ረስቼ ነበር። ለልጄ 12ኛ ዓመት ልደት አዲሱን ኅትመት ገዝቼ በሚያምር ወረቀት ጠቅልዬ ሰጠኋት። እሷ ስልክ ጠብቃ ነበር። ፊቷን ሳይ ተናደድኩና አዋጅ አወጣሁ፦ በቀን 2 ገጽ፤ ካልተነበበ ዋይፋይ የለም።

ማታ ማታ የደረሰችበትን ገጽ ትነግረኛለች። እኔም ዋይፋዩን እከፍታለሁ። በወር ከምናምን ገጽ 60 ደረሰች። ቢሮ ሳይቀር አወራሁ፤ «ልጄ ሐዲስ ዓለማየሁን እያነበበች ነው» እያልኩ። አንድ እሑድ ቡና ተፈልቶ አማቴ ባሉበት፣ ልኩራራ ብዬ «እስቲ ቦጋለ መብራቱ እንዴት ያለ ሰው ነው?» አልኳት።

«እሱ ደግሞ ማነው?» አለችኝ።

መጽሐፉን ካነበብሽ ታውቂዋለሽ፤ ቦጋለ መብራቱ የዋናው ባለታሪክ የበዛብህ አባት ነው። ታሪኩ የሚጀምረው በእሱና በውድነሽ በጣሙ ነው። እሱን የማያውቅ ሰው ምንም አላነበበም ማለት ነው። ደሜ ፈላ። «ሙሉ ወር ምን ስታደርጊ ነበር?» ብዬ ጮህኩ። ልጅቷም እንባዋን እየዋጠች «አባዬ፣ አማርኛ ቅጣት ነው እንዴ?» አለችኝ። ባለቤቴ ምንም አልተናገረችም። አማቴም ዝም ብለው ሲኒያቸውን አዟዟሩ። ብሰደብ ይሻለኝ ነበር።

ዋጋው ምን መሰለሽ? ለሁለት ዓመት ከመማሪያ መጽሐፏ በቀር አንድ የአማርኛ መጽሐፍ በእጇ አልነካችም። መጽሐፉን ቡፌው ውስጥ ከእንግዳ ሰሃኖች ሥር ነው ያገኘሁት።

በኋላ ተረጋግቼ ሳስበው ነገሩ ገባኝ። እነዚህ ልጆች አማርኛ ይናገራሉ እንጂ ፊደሉ ላይ ገና ይንፏቀቃሉ። በትምህርት ቤት ሁሉን የሚያነቡት በእንግሊዝኛ ነው። አንድ ገጽ ጮክ ብላ እንድታነብልሽ አድርጊና ሰዓት ያዥ። የእኔዋ ለአንድ ገጽ አምስት ደቂቃ ፈጅታለች። በዚያ ፍጥነት ማንም ሰው ታሪክ አይጥመውም፤ አረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ስትደርስ መጀመሪያው ይረሳታል። ሌላው ደግሞ ማጥበቅና ማላላት ነው። ፊደላችን አያሳየውም። «አለ» የሚለውን ቃል እይው። ሲላላ «ተናገረ» ነው፤ ሲጠብቅ «ይገኛል» ነው። እኔና አንቺ ሳናስብ እናልፈዋለን። እነሱ ግን በየመስመሩ ይደናቀፋሉ። ልብ ወለድ ውስጥ ደግሞ «አለ» የሌለበት ገጽ የለም።

2. መደብር ሄደሽ «ለ12 ዓመት ልጅ» ብለሽ አትጠይቂ።

እኔ ጠይቄ አይቻለሁ። ከለገሀር እስከ ብሔራዊ ቲያትር፣ ከዚያ አራት ኪሎ፣ እግሬ እስኪቀጥን ዞሬአለሁ። መልሱ አንድ ነው፦ «የስንተኛ ክፍል?» ከዚያ አጋዥ መጽሐፍ ይደረደርልሻል። የሂሳብ፣ የሳይንስ፣ የሚኒስትሪ ፈተና ከነመልሱ። «የሚነበብ ነው የምፈልገው» ስል አንዱ ልጅ «ጋሼ፣ ይሄም ይነበባል» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ምን ይበል።

አጋዥ አይደለም ካልሽ ደግሞ ወዲያው ባለ ሥዕል የጥንቸልና የኤሊ ተረት ያወጡልሻል። ያ ለአምስት ዓመት ልጅ ነው። ልጅሽ ብታየው የተሰደበች ይመስላታል። ከጥንቸሏ ቀጥሎ ያለው መደርደሪያ ላይ የአዋቂ ልብ ወለድ ይጀምራል። መሐሉ ባዶ ነው። የእኛ ሰው ለዚያ ዕድሜ አይጽፍም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ከአዋቂው መደርደሪያ ላይ እየመረጥሽ አንቺው መሥራት አለብሽ።

ስትመርጪ ግን ቀድመሽ አንብቢው። አንድ የመንገድ ላይ ሻጭ «ይሄ የልጆች ጀብዱ ነው» ብሎ የትርጉም መጽሐፍ ሰጠኝ። ሽፋኑ ላይ መርከብ አለ። አመንኩት። ምዕራፍ ሦስት ላይ መርከቡ ቀርቶ ሌላ ነገር ተጀመረ። ጥሩነቱ ልጄ ያኔ አማርኛ አድማ ላይ ስለነበረች ያገኘሁት እኔ ነኝ። ከገጽ 112 እስከ 129 ደግሞ የለም፤ ተኮርጆ የታተመ ነበር። ከመክፈልሽ በፊት ገጾቹን ቁጠሪ።

3. የትምህርት ቤቱን ቤተ መጻሕፍት ተስፋ አታድርጊ።

ይሄን ስጽፍ እጄ ይንቀጠቀጣል። በየዓመቱ መመዝገቢያ ላይ «ለቤተ መጻሕፍት» ተብሎ እከፍላለሁ። አንድ ቀን ሄጄ ልየው አልኩ። መጻሕፍቱ ባለ መስታወት ቁም ሳጥን ውስጥ ናቸው፤ ቁልፍ ተደርጎባቸዋል። ያማረ ነው፤ እንደ ሠርግ ቤት ብርጭቆ። ሠራተኛዋን «ልጆች ቅዳሜና እሑድ ቤት ወስደው ማንበብ ይችላሉ?» አልኳት። ከስልኳ ቀና ሳትል «አይ፣ ማበደር አሠራራችን አይደለም» አለች። አሠራሩን ማን እንዳወጣው ስጠይቅ ርዕሰ መምህሩን ያናግሩ ተባልኩ። ርዕሰ መምህሩ ስብሰባ ላይ ናቸው። በሌላ ሳምንት ስመጣም ስብሰባ ላይ ናቸው። ሦስተኛ ጊዜ በር ላይ አገኘኋቸውና «መጽሐፍ ከጠፋ ከሠራተኛዋ ደሞዝ ነው የሚቆረጠው፤ እርስዎ ይከፍሉላታል?» አሉኝ። ለሴትዮዋ አዘንኩላት እንጂ አልተዋጠልኝም።

የባሰው ግን ወንበሮቹ ላይ የተቀመጡት ልጆች ናቸው። አምስት ስድስት ይሆናሉ፤ አንዳቸውም መጽሐፍ አልያዙም። «ምን እየሠራችሁ ነው?» ስላቸው «አርፍደን ነው» አሉኝ። አርፋጅ የሚቀጣው እዚያ ገብቶ እንዲቀመጥ ነው ለካ! የልጄ ጥያቄ ያኔ ነው የታወሰኝ። እኔ ቤት ዋይፋይ እየዘጋሁ፣ እነሱ እዚያ በር እየዘጉ። ከዚያ ቀን ወዲህ የገጽ አዋጁን ሻርኩት።

አብርሆት ቤተ መጻሕፍት በታኅሣሥ 2014 ሲከፈት አንዳንድ ቅዳሜ አራት ኪሎ ይዣት መሄድ ጀመርኩ። የፈለገችውን አንስታ የፈለገችበት ትቀመጣለች፤ እኔ ጋዜጣዬን ይዤ ራቅ እላለሁ። መጀመሪያ ያነበበችው እንግሊዝኛ ብቻ ነው። አፌን ይዤ ዝም አልኩ። ለእኔ ይሄ ቀላል ነገር እንዳይመስልሽ።

4. አሁን ወደሠራልኝ ልምጣ።

አንድ ማታ መብራት ጠፋ። ስልኳም ባትሪ ጨርሷል። በሻማ የመንግሥቱ ለማን «የአባቶች ጨዋታ» ለራሴ እያነበብኩ እስቃለሁ። «ምን ያስቅሃል?» አለች። አንዱን አነበብኩላት። አጫጭር ናቸው፤ ሳትሰለች ያልቃሉ። ሌላ ድገም አለችኝ። ከዚያ በቃሌ የማውቀውን የአለቃ ገብረ ሃናን ጨዋታ ጨመርኩ። አለቃ አህያ የሚነዳ ሰው መንገድ ላይ ያገኙና እጅ ነስተው «እንደምን ዋላችሁ?» ይሉታል። ሰውየው አመስግኖ ካለፈ በኋላ ነው ከአህያው ጋር ደርበው ሰላም እንዳሉት የሚገባው። ልጄ መጀመሪያ ዝም አለች። ቀጥሎ «ዋላችሁ!» ብላ ፈነዳች። በማግስቱ ለጓደኛዋ በእንግሊዝኛ ልትነግራት ሞክራ አልሆነላትም። በእንግሊዝኛ አንተም እናንተም አንድ ቃል ነዋ! «አባዬ፣ ይሄ በአማርኛ ብቻ ነው የሚሠራው» አለችኝ። ሁለት ዓመት ስጮህ ያልገባትን አንድ አህያ አስገባላት።

ስለዚህ ከአጭርና ከሚያስቅ ጀምሪ። የከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ»ም ጥሩ ነው። ግጥም ስለሆነ ቤት መምቻው ማጥበቅና ማላላቱን ራሱ ያስተምራል። አንቺ አንድ ስንኝ፣ እሷ አንድ ስንኝ። እኛ ቤት ታናሽ ወንድሟ ሳይቀር ገባበት።

ቀጥሎ ጆሮዋን ያዢ። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተረከው አሁን ዩቲዩብ ላይ ይገኛል። ከሲኤምሲ መገናኛ ያለውን የጠዋት መንገድ ታውቂዋለሽ። ለራሴ ብዬ መኪና ውስጥ ከፈትኩት፤ ለእሷ ነው አላልኩም። ጆሮዋ ላይ ማዳመጫዋን ሰክታለች። በሦስተኛው ቀን አንዱን ጎን አወለቀችው። በሳምንቱ ሁለቱንም። ትምህርት ቤት በር ላይ ደርሰን አልወርድም ያለችበት ቀን አለ፤ ፊታውራሪ መሸሻ ሲቆጡ ነበር። ወጋየሁ እያንዳንዱን ሰው በየራሱ ድምፅ ነው የሚያመጣው። ልጅሽ ፊደል ላይ የምትደናቀፍበትን ሁሉ እሱ ጠርጎ ያሳልፋታል።

ያን ጊዜ 14 ዓመቷ ነበር። ቅዳሜ ዕለት ቡፌው ተከፍቶ ሰሃኖቹ ጠረጴዛ ላይ ተደርድረው አገኘሁ። መጽሐፉ የለም። ክፍሏ ገባሁ፤ በዛብህ ለሰብለ ወንጌል አስተማሪ ሆኖ የሚገባበትን ገልጣ ታነባለች። የመጀመሪያውን አልፋዋለች። ልናገር ምላሴ ጫፍ ደርሶ ዋጥኩት። ጨርሳ ነው ወደ ቦጋለ መብራቱ የተመለሰችው፤ በራሷ። ከሁሉ የወደደችው ጉዱ ካሳን ነው። የእኔም እሱ ነው፤ አልነገርኳትም ነበር። አሁን ብትጠይቂኝ እኮራለሁ፤ አልዋሽሽም።

5. እንግሊዝኛውን አትጥይው፣ ድልድይ አድርጊው።

ኤልሳቤጥ ሌርድ የምትባል ብሪታኒያዊት ደራሲ በ2003 በእነሱ አቆጣጠር ያሳተመችው «ዘ ጋርቤጅ ኪንግ» የሚባል ልብ ወለድ አለ። ታሪኩ አዲስ አበባ ነው። ማሞ የሚባል ድሃ ልጅና ዳኒ የሚባል የሀብታም ልጅ ጎዳና ላይ ይገናኛሉ። ለ12 ዓመት ልክ ነው። ልጄ አንብባ ስትጨርስ መኪናችን መስኮት ላይ የሚመጡትን የጎዳና ልጆች ስማቸውን መጠየቅ ጀመረች። የዚያችው ደራሲ ሌላ መጽሐፍ ስለ ልዑል ዓለማየሁ ነው፤ ከመቅደላ ወደ እንግሊዝ ስለተወሰደው የቴዎድሮስ ልጅ። በ18 ዓመቱ እዚያው ሞቶ ዊንዘር ተቀብሯል። እሱን አንብባ ለአንድ ሳምንት ተናዳ ሰነበተች። «ስለ አባቱ በአማርኛ ምን አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። በር የሚከፈተው እንዲህ ስትጠይቅ ነው። የብርሃኑ ዘሪሁንን «የቴዎድሮስ ዕንባ» ሰጠኋት። የአቤ ጉበኛ «አንድ ለናቱ»ም አለ፤ እሱ ግን ወፍራም ስለሆነ አስቀመጥኩት። ተምሬአለሁ።

ከ15 በላይ ስትሆን ጓደኞቿ ይረከቡሻል። የእኔዋ የይስማዕከ ወርቁን «ዴርቶጋዳ» ከክፍሏ ልጅ ተውሳ መጣች። በ2001 ሲወጣ እኔ አፍንጫዬን ነፍቼ ያለፍኩት መጽሐፍ ነው። በሦስት ቀን ጨረሰችው፤ ተከታዩን ፍለጋ ራሷ ወጣች። ከዚያ የዓለማየሁ ዋሴ «እመጓ»። ማሞ ውድነህ የተረጎማቸውን የስለላ መጻሕፍትም ከአባቴ ሳጥን አውጥቼ ሰጥቻታለሁ፤ ወረቀታቸው ቢጫ ሆኗል፤ ደስ ብሏት አነበበቻቸው። ለየትኛውም ገጽ አልቆጠርኩም።

6ኛ ነበረኝ፤ ልጄ ከኋላዬ መጥታ ማንበብ ስለጀመረች አቆማለሁ። እርማትም አላት። «ገጽ 60 አይደለም፤ ያቆምኩት ገጽ 4 ላይ ነው። ሌላውን ዋይፋዩ እንዲከፈት ዝም ብዬ ቁጥር እየጨመርኩ ነበር የምነግርህ» ትላለች።